ፊልትሮው ውስጥ የቀረው ናፍጣ

ፒክአፑ የተገኘው መንገዱ እንደ ክርን በሚታጠፍበት የገደል አፋፍ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ባዶው አዘንብሎ ነበር። ጎሕ ሲቀድ እንጨት ጭኖ የሚያልፍ የከባድ መኪና ሾፌር አየው። ወርዶ ሁለት ጊዜ ተጣራ፤ መልስ ቢያጣ በመስኮቱ አጮለቀ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን አወጣ። ለፖሊስ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፤ «ሰው የለበትም። ደም አለበት።»

ኢንስፔክተሩ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲደርስ ጉሙ ገና ከሸለቆው አልተነሣም ነበር። ሠላሳ ዓመት በምርመራ ሥራ የቆየ፣ ጫማውን ራሱ የሚወለውል፣ የጻፈውን ቃል መልሶ የማይሰርዝ ሰው ነው። በመሥሪያ ቤቱ «ስርዝ ድልዝ የለሽ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ባልደረቦቹ ከፊል በአድናቆት፣ ከፊል በሹፈት ይጠሩበታል፤ እሱ ግን ሙሉውን በአድናቆት ይቀበለዋል።

መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞረው። የጤና ጣቢያው ንብረት ነው፤ ትናንት ጠዋት ከገደሉ ማዶ ላሉት መንደሮች መድኃኒት ጭኖ ወጥቶ ነበር። የበረዶ ሣጥኑ ከነመድኃኒቱ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ በረዶው ቀልጦ ውኃ ሆኗል እንጂ አንዲት ብልቃጥ አልተነካችም። ደሙ ያለው በሾፌሩ ወንበር ላይ ሳይሆን በጎኑ ባለው መቀመጫ፣ በራስ መደገፊያው ላይ ነው። ቁልፉ የለም።

አብራው የመጣችው ሳጅን የነዳጁን ክዳን ከፍታ ፊቷን አጨማደደች።

«ኢንስፔክተር፣ እስቲ ይኸን ያሽትቱት።»

ጎንበስ አለ። «ቤንዚን።»

«መኪናው ደግሞ የናፍጣ ነው። ክዳኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ‹ናፍጣ ብቻ› ይላል። ያነበበ ግን የለም።»

ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ ሸለቆውን ተመለከተ። ከታች የወንዙ ድምፅ ይሰማል፤ ውኃው ግን አይታይም። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ በልቡ ሰተት ብሎ ቦታ ቦታውን ያዘ። አንድ ጠላት በስውር ቤንዚን ጨመረበት፤ ሞተሩ እየተንገታገተ እዚህ መታጠፊያ ላይ ቆመ፤ አድፍጦ የጠበቀው ሰው ሾፌሩን መትቶ ወደ ጎን ገፋው፤ በኋላም ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ንጹሕና ሙሉ ሐሳብ ነበር። የሰው ልጅ ከሚስትባቸው ነገሮች ሁሉ አደገኛው ሙሉ የሚመስለው ነው፤ ጎደሎው ቢያንስ ያስጠይቃል።

ማስታወሻውን አውጥቶ የመጀመሪያ ሪፖርቱን እዚያው ቆሞ ጻፈ፤ «ሟች የጤና ጣቢያ ሾፌር ሲሆን…» ዐሥራ አንድ ሰዎችንም ወንዙን እንዲያስሱ ወደ ታች ላከ።

የሾፌሩ ልጅ የመጣችው ይህን ጊዜ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ወሬውን የሰማችው የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ኖሮ የልኬት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነበር። አልጮኸችም። ኢንስፔክተሩ ፊት ቆማ ሜትሩን በሁለት እጆቿ ጨበጠች።

«አባቴ ሞቷል?»

«ወንዙን እያስፈለግሁ ነው፣ ልጄ።»

«እሱን አልጠየቅሁዎትም።»

ኢንስፔክተሩ እንደማያውቅ ሊነግራት ይችል ነበር፤ እውነቱም ይኸው ነበር። ነገር ግን «አላውቅም» የምትለው ቃል በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከአፉ ስትወጣ የሰማት የለም። «አዎ» አላት። «ጽኚ።»

ሜትሩ ከእጇ ወደቀ፤ ሳጅኗ አነሣችላት።

ማደያው ከገደሉ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ነው፤ ሾፌሩ ሁልጊዜ ሲወጣ የሚቀዳውም እዚያ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሲደርሱ ካፊያ ይጥል ነበር። ሁለት መቅጃዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከኋላ የዘይት መቀየሪያ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ አለፍ ብሎ በቆርቆሮ የተሠራ የዘይት መጋዘን አለ። በሩ በትልቅ ቁልፍ ተዘግቷል።

የማደያው ኃላፊ ሱሪው የተተኮሰ፣ ወሬው የማይነጥፍ ሰው ነበር። «ጌታዬ፣ እኔ ያንን ሰው እንደ ወንድሜ ነው የማውቀው። አራት ሰዓት ላይ ገባ። ናፍጣ ሞላ። ሞተሩን አስነሣ። እጁን አውለብልቦ ወጣ። ምን ያደርጋል፣ የሰው ነገር!»

ነዳጅ ቀጂዋ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ዐይኗ ሥር የጠቆረ ሴት ናት። ኢንስፔክተሩ ለብቻዋ ወስዶ ጠየቃት።

«ትናንት የጤና ጣቢያው ሾፌር መጥቶ ነበር፣ እህቴ?»

«አራት ሰዓት ላይ ገባ። ናፍጣ ሞላ። ሞተሩን አስነሣ። እጁን አውለብልቦ ወጣ።»

ሳጅኗ በጆሮው፣ «እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸምድዳዋለች» አለችው። ኢንስፔክተሩ ግን ሁለት ምስክሮች በአንድ ቃል መገናኘታቸውን በደስታ መዘገበ።

ከወደ መጋዘኑ አንድ ድምፅ መጣ። ኳ። ዝም አለና እንደገና፣ ኳ። ቀጂዋ ቀና አለች፤ ከንፈሯ ደም እንደሌለበት ነጣ።

«ምንድን ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ቆርቆሮው ነው» አለ ኃላፊው ከኋላቸው ደርሶ። «ፀሐይ ሲያገኘው እንዲህ ይንጫጫል። አንዳንዴማ ሰው ያለበት ነው የሚመስለው።» ሳቀ። «ይልቅ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ጌታዬ፤ ሰው ማማት አልወድም እንጂ የዚያ ሾፌር የሚስቱ ወንድም በዚህ ሰሞን በጄሪካን ቤንዚን ገዝቶ ሄዷል። ተኳርፈዋል ይባላል።»

ኢንስፔክተሩ በማስታወሻው ላይ ያረፈውን ካፊያ በእጅጌው ጠርጎ ይህንንም ጻፈ።

የሾፌሩ ሚስት ወንድም ከእርሱ በፊት የዚያው ፒክአፕ ሾፌር ነበር። በዝግታ ነው የተነጠቀው፤ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ እረፍት፣ በመጨረሻም ቁልፉ ለእህቱ ባል ተሰጠ። ፖሊሶቹ በሩን ሲያንኳኩ እግሩን ባልዲ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ነበር። የመጡበትን ሲሰማ እግሩን ሳያደርቅ ተነሣ።

«ሞቷል ነው የምትሉኝ?»

«‹ያ መኪና ይጣልህ› ብለኸዋል፤ በሰው ፊት» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ብያለሁ። እኔን ስንቴ ጥሎኛል! ይኼ እርግማን አይደለም፣ ጌታዬ፤ ምስክርነት ነው።»

«ቤንዚን በጄሪካን ገዝተሃል።»

«ለሞተር ብስክሌቴ ነው። እሱም ጋራዥ ከገባ ሦስት ቀኑ። ትናንት በእግሬ ስዞር ውዬ ይኸው እግሬ ተላጠ፤ ይዩት።» እርጥብ እግሩን አነሣ፤ ማንም አላየለትም። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «የእህቴን ልጅ ያለ አባት ላስቀር? እኔ? እሷ ይህን ሰምታለች?»

የሚጠይቀው ስለ ራሱ አልነበረም፤ ይህን ኢንስፔክተሩ ያስተዋለው ዘግይቶ ነው። በዚያን ሰዓት ያየው አንድ የፈራ ሰው ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ይመስላል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ እጁን አስሮ ወሰደው።

እኩለ ቀን ላይ ከጋራዡ ስልክ ተደወለ። መኪናው ተጎትቶ የተወሰደው ጋሽ ጆሮ ወደሚባሉት ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነበር። ስማቸው የወጣላቸው የሞተርን ሕመም በጆሮ ስለሚለዩ ነው፤ ሚስታቸው ግን «እኔ ስጠራው ብቻ ነው የማይሰማው» ትላለች።

«ና፣ አንተ ስርዝ ድልዝ የለሽ» አሉት ኢንስፔክተሩን፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «አንድ የሚሰረዝ ነገር አግኝቼልሃለሁ።»

ሁለት ቁራጭ ጋዜጣ አነጠፉ። በአንደኛው ላይ ከታንኩ የቀዱትን፣ በሌላው ላይ ከነዳጅ ማጣሪያው፣ ከፊልትሮው የቀዱትን ጠብ አደረጉ።

«እንግዲህ ጠብቅ። መጠበቅ የምታውቅ ከሆነ።»

የመጀመሪያው ጠብታ ሰፋ፣ ሳሳ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስስ ጥላ ብቻ ትቶ ተነነ። ሁለተኛው እዚያው ቀረ፤ ቅባቱ ጋዜጣውን አሳልፎ ከሥር ያለውን እንጨት አወዛው።

«የፊተኛው ቤንዚን ነው፤ ከታንኩ። የኋለኛው ናፍጣ ነው፤ ከፊልትሮው። ንጹሕ፣ ያልተበረዘ ናፍጣ። ገባህ?»

«አልገባኝም፣ ጋሼ።»

«ይኸንን ማለትህም ደግ ነው። ስማኝ። ሞተር ሲሠራ ከታንኩ ይስባል፤ የሳበው በፊልትሮው በኩል ያልፋል። ይህ ሞተር ቤንዚን ከተቀዳበት በኋላ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ፊልትሮው ውስጥ የማገኘው ቤንዚን ነበር። ቧንቧው ውስጥ በቀረው ናፍጣ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ይሄድ ይሆናል፤ ከዚያ ይንገታገታል፣ ይጨሳል፣ ይቆማል። ይኸኛው ግን አልተነሣም። አንድ ጊዜም አልተነሣም።»

«ማደያው እኮ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው።»

«እንግዲያው በገመድ ተጎትቶ ሄዷል።» ሽማግሌው ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብለው በጣታቸው አመለከቱ። «ይኸውልህ፣ የታንኩ ማራገፊያ ብሎን። ሰው በመፍቻ ጀምሮት በእጁ መልሶታል። ዘራፊ የሰው ታንክ አያራግፍም፤ የሚያራግፈው ስህተቱን ያወቀ ሰው ነው። እኔ በዚህ ሥራ ስንቱን አየሁ! ቤንዚን ናፍጣ መኪና ላይ ሲቀዳ የሚያጠፋው መቅዳቱ አይደለም፣ ልጄ፤ ማስነሣቱ ነው። ሳያስነሡ ከደረሱበት ታንኩን ማራገፍ፣ ማጠብ፣ መሙላት። የግማሽ ቀን ሥራና የአንድ ሰው እፍረት፤ በቃ። ሰው ግን እፍረቱን ፈርቶ ያስነሣዋል።»

በጋራዡ ጥግ አንድ ሞተር ብስክሌት ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ቆሟል።

«ያ የማን ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ፣ መልሱን እየፈራ።

«ያሰርከው ሰውዬ ነው። ሦስት ቀኑ።»

ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ሳጅኗ መሪውን ይዛ ትእዛዝ ጠበቀች፤ ትእዛዝ አልመጣም። ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ ያሉት ሁለቱም ዋሽተዋል፤ ስለዚህ መኪናው የቆመው ማደያው ውስጥ ነው፤ ሾፌሩም የቀረው እዚያው ነው። ዐሥራ አንድ ሰዎች ግን በእርሱ ቃል ከጠዋት ጀምሮ ወንዝ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። አለቃው ያንኑ ቃል ለበላይ አስተላልፏል። አንዲት ልጅ ያንኑ ቃል ይዛ እያለቀሰች ነው። ይህን ሁሉ ማን ያንሣው? ምናልባት ፍለጋው እስኪያበቃ ቢጠበቅ፤ ምናልባት በጸጥታ ሌላ ሰው ወደ ማደያው ቢላክ። ሩብ ሰዓት እንዲህ ተቀመጠ። ጥፋቱን ለመሸፈን የሚያስብ ሰው ጊዜ የሚሮጥ አይመስለውም፤ ጊዜው ግን የራሱ አልነበረም።

በመጨረሻ ብዕሩን አውጥቶ «ሟች» ከሚለው ቃል ላይ መሥመር አሰመረ። ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው። ከዚያ ስልኩን አነሣ።

«አለቃ፣ ተሳስቻለሁ። ሰውየው መሞቱን አላውቅም። የወንዙ ሰዎች ይውጡና ወደ ማደያው ይምጡ። የታሰረውም ይፈታ።»

«ለበላይ አሳውቄያለሁ እኮ፣ አንተ!»

«እሱንም ሰርዙልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሳጅኗ ሞተሩን አስነሣች።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ደመናው ተገልጦ የመኪናው መስተዋት አብረቀረቀ። ሳጅኗ ዐይኗን በእጇ ከለለች። «እፎይ! ጠዋቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ ሳትል፣ አሁን ደግሞ ልታሳውረን ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ፀሐይዋን ነው፣ ኢንስፔክተር።»

ክው አለ። የጠረገው ካፊያ ትዝ አለው፤ እጅጌው ገና አልደረቀም። ፀሐይ ባልነበረበት ጠዋት ቆርቆሮ የሚያንጫጫ ምን ነበር? ኳ፤ ዝም፤ ኳ። ብረት ሲሞቅ እንዲህ አያርፍም። የሚያርፈው የደከመው ነው።

«ንጂ» አላት። ድምፁን ራሱ አላወቀውም። «ባለሽ ኃይል ንጂ፣ እቴ።»

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረሱ። ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ከፍቶ አዳመጠ። በመቅጃዎቹ አጠገብ ሬዲዮ ይጮኻል፤ ወርዶ ራሱ ዘጋው። እንደገና አዳመጠ። ከመጋዘኑ በኩል ምንም የለም።

«ደህና ተመለሳችሁ፣ ጌታዬ» አለ ኃላፊው። ፈገግታው ሳይደርቅ ዐይኖቹ ግን ወደ ቆርቆሮው ሄደው ተመለሱ።

«የመጋዘኑን ቁልፍ።»

«ባለቤቱ ይዞት ሄደ። ከተማ ነው ያለው። ነገ…»

ቀጂዋ የአንድ ታክሲ ታንክ እየሞላች ነበር። መቅጃውን ሰቀለች፤ የታክሲውን ክዳን ዘጋች፤ ከዚያ ቀስ ብላ መጥታ በሁለቱ መካከል ቆመች።

«ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው» አለች። «ዝም ካለ አንድ ሰዓት ሆኖታል።»

ኃላፊው ሊሮጥ አልሞከረም። እዚያው ቁጭ አለ፤ ሳጅኗ ከኪሱ ቁልፉን አወጣች።

በሩ ሲከፈት የዘይትና የሽንት ሽታ ፊታቸው ላይ መጣ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ከበርሜሎቹ ኋላ አንድ ሰው በጎኑ ተጋድሟል። ደሙ በግንባሩ ላይ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። በቀኝ እጁ የብሎን መፍቻ ይዟል፤ ጫፉ ቆርቆሮውን ነክቷል። ኢንስፔክተሩ ተንበርክኮ አንገቱን ዳሰሰ። የሚመታ ነገር ተሰማው፤ ነገር ግን የሚመታው የሰውየው ሥር ይሁን የራሱ ጣት መለየት አቃተው። ሠላሳ ዓመት ሬሳ ሲያይ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

ሳጅኗ የእጅ ሰዓቷን ፈትታ መስተዋቱን ከአፍንጫው ሥር ያዘች።

መስተዋቱ እንደ ጠራ ቀረ። አሁንም እንደ ጠራ ነው።

ከዚያ ደበዘዘ።

ቀጂዋ ቃሏን የሰጠችው አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ፣ በማደያው ቢሮ ውስጥ ነው። እጆቿን ጭኖቿ መካከል አጣብቃ ተቀምጣ ነበር። ኢንስፔክተሩ አላስፈራራትም፤ የሚያስፈራራበት አቅምም አልነበረውም።

«የናፍጣው መቅጃ እጀታ ተሰብሮ ነበር» አለች። «ቅያሪ ሲጠፋ የቤንዚኑን ዓይነት አረንጓዴ ገጠሙበት። ሁለቱም አንድ መልክ ሆኑ። እኛ በእጃችን ነው የምንለያቸው፤ ግራ ናፍጣ፣ ቀኝ ቤንዚን። ወር ሙሉ እንዲህ ሠራን።»

«ትናንትስ?»

«ሰልፉ ረጅም ነበር። ጋሼ ደግሞ በረዶው እንዳይቀልጥበት ቸኩሎ በመውጫው በኩል ዞሮ ገባ። እኔም ፊቴን ወደ እሱ አዞርኩ። ያን ጊዜ ግራዬ ቀኝ ሆነ። ጫማዬ ላይ ሲንጠባጠብ ነው በጠረኑ ያወቅሁት። ‹እንዳታስነሣ!› አልኩት። አላስነሣም። እንዲያውም ሳቀብኝ፤ ‹እግዜር ያወጣው ሞተር ነው፣ አይዞሽ› አለኝ። ከኃላፊው ጋር ሦስት ሆነን ገፍተን ጉድጓዱ ላይ አቆምነው። ታንኩን ለማራገፍ ራሱ ወረደ።»

«ቤንዚኑ ጉድጓዱ ውስጥ ሲወርድ…»

«ትነቱ ከታች ተኛ። ሁለት ጊዜ ሳለ። ልወጣ ነው ሲል በብረት መሰላሉ ላይ ወደቀ። አፍንጫችንን በጨርቅ አፍነን አወጣነው። ሐኪም ጋ እንውሰደው ብዬ እዚያው መኪናው ውስጥ አስቀመጥነው፤ መኪናው ግን መነሣት የለበትም። ታክሲ ልጥራ ስል ኃላፊው ‹አይተነፍስም› አለ። ‹ለሞተ ሰው ታክሲ ትጠሪያለሽ?› አለኝ። ሁለተኛ ስህተት ከተገኘ ከቦታው እንደሚያነሡት ተነግሮታል፤ እኔም ከእሱ ጋር። መጋዘን ከተትነው። ሲመሽ በማደያው መኪና ጎትተን ፒክአፑን ወሰድነው፤ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን እሱ ገደል ጣለው። ጋሼንም ልንወስድ ልንመለስ ነበር፤ መንገዱ ላይ ግን የትራፊክ ፖሊስ አየን።»

«ሲያንኳኳ መቼ ሰማሽው?»

«ከነጋ ጀምሮ።»

«ምን አደረግሽ?»

«ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት» አለች።

ኃላፊው አጠር ያለ ቃል ሰጠ። የሞተ መስሎት እንደ ነበር ደጋግሞ ተናገረ።

«ዛሬ ጠዋት ሲያንኳኳስ? ያኔም ሞቶ ነበር?» አለው ኢንስፔክተሩ።

ኃላፊው የተተኮሰ ሱሪውን ጉልበት በእጁ አሻሸ። «ያን ጊዜማ» አለ፣ «ከሞተው ይልቅ ያልሞተው አስፈራኝ።»

ሳጅኗ ብዕሯን አስቀምጣ ወደ ውጭ ወጣች። ኢንስፔክተሩ ቃሉን ራሱ ጽፎ ጨረሰ። የቀጂዋ ጥፋት የአንድ ደቂቃ ነበር፤ በዚህ ሕግም አይጠይቃትም። የምትጠየቅበት ከዚያች ደቂቃ በኋላ ያለው ሁሉ ነው። ይህን ለእርሷ ሊነግራት አስቦ ተወው፤ ከእርሱ አፍ የሚሰማ ተግሣጽ በዚያ ቀን የሚከብድ አልመሰለውም።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ረጅምና ነጭ ነው። የሾፌሩ ልጅ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ፊት ለፊት፣ ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። አጎቷ ተፈትቶ ውኃ ሊያመጣላት ወጥቷል። ኢንስፔክተሩን ስታይ ብድግ አለች፤ እጁን በሁለት እጆቿ ይዛ ግንባሯን አስነካችው።

«ሐኪሙ ይተርፋል ብሏል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ስላለ ያወጣሉ። መናገሩን ገና አናውቅም፤ ግን ይተርፋል። እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ ጋሼ። እርስዎ ባይደርሱ ኖሮ…»

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚፈለግበት። ምስጋናውን ተቀብሎ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ወደ ቤቱ መሄድ። ማንም አይጠይቀውም፤ በሪፖርቱ ላይ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ ተብሎ ተጽፏል።

«ልጄ፣ እጄን ልቀቂና ስሚኝ» አላት። «ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ ነበርኩ። ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ። ‹ቆርቆሮ ነው› አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። ካፊያ ይጥል ነበር፤ ‹ፀሐይ ነው› ሲሉኝ ሰማይን ቀና ብዬ አላየሁም። ለአንቺ ሞቷል ብዬሽ ስለ ነበር ሕያው ሰው አልፈለግሁም። በኋላም፣ ስህተቴን ካወቅሁ በኋላ፣ ከማፈሬ የተነሣ ሩብ ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ። አምስት ሙሉ ሰዓት በእኔ ነው የጠፋው። መናገር ካቃተው አንዱ ምክንያት እኔ ነኝ።»

እጁን ለቀቀችው። ከቀዶ ሕክምናው ክፍል አንዲት ነርስ ወጥታ ሳታያቸው አለፈች፤ በሩ ሁለት ጊዜ ተወዛውዞ ቆመ። ኢንስፔክተሩ የሚመጣውን ሁሉ፣ ጥፊም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን፣ ቆሞ ጠበቀ።

«አሁን የነገሩኝን» አለች በመጨረሻ፣ «አባቴ ሲነቃ ለእሱ ይነግሩታል?»

«እነግረዋለሁ።»

«ይቅርታ አላደርግልዎትም ይሆናል።»

«አውቃለሁ።»

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ከጎኗ ያለውን ቦርሳ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«እንግዲያው ይቀመጡ» አለችው ወደ ዝጉ በር እያየች። «ብቻዬን ፈርቻለሁ።»